የዝናቡ ራጋ የማን ነው? ሚያን ማልሃር፣ የጉሩ ትምህርትና የቅጂ መብት ክርክር

ኤፕሪል 25 ቀን 2025 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፊልም ሙዚቃ አቀናባሪው በኤ.አር. ራህማን ላይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሳሹ ፋያዝ ዋሲፉዲን ዳጋር የተባለ የድሩፓድ ዘፋኝ ነው። ድሩፓድ በሰሜን ሕንድ ዛሬም ከሚዘፈኑት የክላሲካል አዘፋፈን ስልቶች አንጋፋው ሲሆን፣ የዳጋር ቤተሰብ ደግሞ ስልቱን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርድ የኖረ ነው። የክሱ ጭብጥ የከሳሹ አባትና አጎት የደረሱት ሺቫ ለተባለው የሂንዱ አምላክ የቀረበ ውዳሴ በ2023 በወጣ የታሚል ታሪካዊ ፊልም ዘፈን ውስጥ ያለ ፈቃድ ገብቷል የሚል ነበር። ዳኛዋ የሁለቱ ሥራዎች እምብርት ለተራ አድማጭ ጆሮ አንድ ነው ብለው፣ 20 ሚሊዮን ሩፒ በፍርድ ቤት እንዲያዝና የሟቾቹ ወንድማማቾች ስም በዘፈኑ ላይ እንዲጠቀስ አዘዙ። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን፣ ይግባኙን የተመለከቱ ሁለት ዳኞች ትእዛዙን ሻሩት።

በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል የተነሳው ሕዝባዊ ክርክር ከጉዳዩ በላይ ሰፋ። አንዱ ወገን ለዘመናት የጋራ ሆኖ የኖረ ራጋ (የዜማ ሥርዓት) በአንድ ቤተሰብ ሊቆለፍ ነው ሲል፣ ሌላው የፊልም ኢንዱስትሪው የባህል ባለቤቶችን ሲዘርፍ ኖሮ አሁን ሊጠየቅ ነው አለ። ሁለቱም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠሩ ነበር፤ እነሱም ራጋው፣ በራጋው ውስጥ የተደረሰው ሥራ፣ እና ያንን ሥራ አንድ ዘፋኝ የሚጫወትበት መንገድ ናቸው። ክርክር ያስነሳው ውዳሴ በአዳና ራጋ የተደረሰ ነው። ሦስቱን ለይቶ ለማሳየት ግን የዝናብ ወቅቱ ሚያን ማልሃር የተሻለ ምሳሌ ይሆናል። ከአዳና ጋር የሚያዛምደው ሥር አለው፤ ከዚህም በላይ በስሙ ላይ የአንድ ሰው ማዕረግ ተለጥፎበት የማንም ሳይሆን የኖረ ራጋ ነው።

ራጋ ቅኝት ብቻ አይደለም

ሂንዱስታኒ የሚባለው የሰሜን ሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ በራጋ ላይ የቆመ ነው። ራጋን ለአማርኛ አንባቢ “ቅኝት” ብሎ ማስረዳት ነገሩን ያቀርባል፤ ነገር ግን ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀራል። የሜጀር ትዝታን አምስት ድምፆች ያለ ምንም ለውጥ የሚጠቀም ቡፓሊ የሚባል የምሽት ራጋ አለ። እነዚያኑ አምስት ድምፆች የሚጠቀም ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋም አለ፤ የሚዘፈነው ግን በጠዋት ነው። ቡፓሊ በታችኛውና በመካከለኛው የድምፅ ክልል ይቆያል፣ ክብደቱንም በጋ ላይ ያሳርፋል። ዴሽካር ወደ ላይ ይሳባል፣ ማረፊያውም ዳ ነው። (ሕንዶቹ ሰባቱን ድምፆች ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ እያሉ ይጠሯቸዋል።) የሰለጠነ አድማጭ ሁለቱን ለመለየት ከጥቂት ሐረጎች በላይ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ራጋ ማለት የድምፆች ስብስብ ብቻ ሳይሆን ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚኬድባቸው የታወቁ መንገዶች፣ የሚታረፍባቸውና የሚታለፉ ቦታዎች፣ ለብቻቸው ሲሰሙ እንኳ የራጋውን ማንነት የሚናገሩ ጥቂት ሐረጎች በአንድ ላይ የሚሠሩት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ግጥም ከዜማ ተዋህዶ፣ ታላ በሚባል ተደጋጋሚ የምት ዑደት ታስሮ የሚደረሰው አጭር ሥራ ባንዲሽ ይባላል። ባንዲሹ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ስንኞች አይበልጥም፤ ዘፋኙ ግን እሱን መነሻና መመለሻ አድርጎ አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያው በመድረክ ላይ እየፈጠረ ሊዘፍን ይችላል። አብዛኛው የሚሰማው ሙዚቃ ያልተጻፈና አስቀድሞ ያልተወሰነ መሆኑ ለኋለኛው የሕግ ጥያቄ ወሳኝ ነው።

ራጋዎች የቀን ሰዓት አላቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ወቅት አላቸው። የማልሃር ቤተሰብ የሞንሱን ነው። ሞንሱን ከሰኔ እስከ መስከረም ሕንድን የሚያጠጣው የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ ከኛ ክረምት ጋር የሚገጥመው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም የምድር ወገብን ተሻግረው ወደ ሰሜን ከሚዘልቁ የወቅት ነፋሶች ጋር የተያያዙ ናቸው። ሚያን ማልሃር በሌላ ጊዜ በእኩለ ሌሊት አካባቢ የሚዘፈን ሲሆን፣ ዝናቡ ሲገባ ግን የሰዓቱ ገደብ ይነሳለትና በማንኛውም ሰዓት ይዘፈናል። ከእሱ ሌላ ጎድ ማልሃር፣ ሱር ማልሃር፣ ራምዳሲ ማልሃርና በርካታ ዘመዶቻቸው አሉ። ሜግ ደግሞ አምስት ድምፆች ብቻ ያሉት የዚሁ ወቅት ራጋ ነው። የሜግ ድምፆች ማድማድ ሳራንግ ከሚባለው የቀትር ራጋ ድምፆች ጋር ፍጹም አንድ ናቸው። ልዩነቱ ሜግ ከማ ወደ ሬ እየተንሸራተተ ሲወርድ ሬን ክብደት ሰጥቶ ማወዛወዙ ነው። ድምፆቹን በወረቀት ጽፎ ለሚያወዳድር ሰው የቀትር ፀሐይና የክረምት ደመና አንድ ሆነው ይታዩታል።

ሁለቱ ኒና የሚወዛወዘው ጋ

ሚያን ማልሃርን ቀረብ ብሎ ማየት ትምህርቱ ለምን በቃል ብቻ ሲተላለፍ እንደኖረ ያስረዳል። በዚህ ራጋ ውስጥ ኒ ሁለት ናት፤ አንዷ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች፣ ሌላዋ ሙሉ። ሌሎች ብዙ ራጋዎችም ሁለቱን ኒ ይጠቀማሉ፤ አንዷን ግን ለመውጫ፣ ሌላዋን ለመውረጃ ይመድቧቸዋል። ሚያን ማልሃር ሁለቱን ዳን በመካከላቸው ብቻ አድርጎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ዝቅተኛዋ ኒ፣ ዳ፣ ሙሉዋ ኒ፣ ከዚያም ሳ። ሐረጉ በተለይ በታችኛው የድምፅ ክልል በዝግታ ሲዘፈን፣ በጠባብ ቦታ የሚጉረመረም ነገር ስለሚመስል ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ከደመና ጉርምርምታ ጋር ያያይዙታል። ከሬ ወደ ፓ የሚደረገው ዝላይ ደግሞ ጠቅላላው የማልሃር ቤተሰብ የሚታወቅበት ምልክት ነው።

ሦስተኛው ነገር ጋ ነው። ይህ ጋ ዝቅ ያለ ሲሆን ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ማ እየተጠጋና እየተመለሰ በዝግታ ይወዛወዛል። አንዶላን የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያም ጋ፣ ማ፣ ሬ፣ ሳ ተብሎ ይወረዳል። ይህ አወራረድ ካናዳ ከሚባለው የራጋ ቤተሰብ የመጣ ነው፤ አዳናም ከዚያው ቤተሰብ ስለሆነ ይህንኑ አወራረድ ይጋራል። ባሃር የሚባለው የጸደይ ራጋም ዝቅ ያለውን ጋ፣ ሁለቱን ኒና ይህንኑ አወራረድ ይጠቀማል። ይሁን እንጂ ባሃር በላይኛው የድምፅ ክልል እየዘለለ ሲጫወት፣ ሚያን ማልሃር ከታች ይከብዳል፤ ጋውንም ያዘገየዋል። የጀማሪ ተማሪ ትልቁ ስሕተት ጋን ቶሎ አልፎ ሳያውቀው ባሃር ውስጥ መግባት ነው።

የዚህን ጋ ትክክለኛ ቦታ በወረቀት ማስፈር አስቸጋሪ ነው። ቪሽኑ ናራያን ባትካንዴ (1860–1936) በስፋት ባሠራጩት የኖታ አጻጻፍ፣ ዝቅ ያለ ጋ ከፊደሉ ሥር አግድም መስመር ይሰመርበታል። መስመሩ ድምፁ ዝቅ ማለቱን ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ፣ በምን ፍጥነት፣ የማን ድምፅ ሳይሆን “ማ” የተባለውን ድምፅ የት ድረስ እንደሚነካ ግን አይናገርም። የድጓ ምልክት ዜማውን አስቀድሞ ከመሪጌታው አፍ ለሰማው ተማሪ እንጂ ለባዳ እንደማያገለግል ሁሉ፣ የባትካንዴም ኖታ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው። ለሥልጡን ዘፋኝ ይህ ቀላል የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። የመላ ሕንድ ሬዲዮ ከ1940 እስከ 1971 ሃርሞኒየም የሚባለውን ባለ ቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያ ከስርጭቱ ያገደበት አንዱ ዋና መከራከሪያ፣ ቁልፎቹ ድምፆችን በየቦታቸው ስለሚቸነክሩ በድምፆች መካከል ያለውን መንሸራተትና መወዛወዝ ሊያወጣ አይችልም የሚል ነበር። እገዳው ከመጠን ያለፈ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሃርሞኒየሙ ከመድረክ ጠፍቶ አያውቅምና። ስለ ጋው ግን ተቃዋሚዎቹ እውነት ነበራቸው።

ዝናብ ያዘንባል የሚለው ወሬ

ክረምት በገባ ቁጥር ማልሃር ዝናብ ያመጣል የሚለው ተረት በሕንድ መገናኛ ብዙኃን ይደጋገማል። በተለመደው አተራረክ ታንሴን የተባለው ዘፋኝ በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት በአፄ አክባር ፊት ዲፓክ የሚባለውን የእሳት ራጋ ዘፍኖ ሰውነቱ ሲቃጠል፣ ጉጃራት ውስጥ በምትገኘው በቫድናጋር የሚኖሩ ታናና ሪሪ የተባሉ እኅትማማቾች ማልሃርን ዘፍነው ዝናብ አወረዱለት። ታንሴን በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። ከሬዋ ንጉሥ አዳራሽ ወደ አክባር ግቢ የመጣው በ1560ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የግቢው ጸሐፊ አቡል ፋዝል በሺህ ዓመት ውስጥ እንደ እሱ ያለ ዘፋኝ በሕንድ አልታየም ብሎ መዝግቦለታል። መቃብሩም በግዋሊየር ይገኛል። ሚያን የእሱ የክብር መጠሪያ ስለሆነ ራጋው የታንሴን ማልሃር ተብሎ ይታወቃል። ዝናቡን በተመለከተ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ራጋው በዝናብ ወቅት እንዲዘፈን ስለተደነገገ ብዙ ጊዜ ዘፈኑና ዝናቡ አብረው ይገኛሉ።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው የተረቱ ሌላ ገጽታ ነው። ሚያን ማልሃርን ታንሴን ለመፍጠሩ ማስረጃው የራጋው ስምና የሙዚቀኞች ቃል ነው፤ በእጁ የጻፈው ሰነድ የለም። ወጉ ባለቤትነትን የሚመሰክረው በዚህ መንገድ ነው።

በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ክር

ሂንዱስታኒ ሙዚቃን የሚያስተምረው ባህላዊ ሥርዓት የጉሩና የደቀ መዝሙር የትውልድ ሰንሰለት ነው። ተማሪው የሚገባው ጋንዳ ባንዳን በሚባል ሥነ ሥርዓት ሲሆን፣ መምህሩ በተማሪው እጅ አንጓ ላይ ክር ያስራል፤ ተማሪውም እጅ መንሻ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ግንኙነቱ የትምህርት ብቻ አይሆንም። በቀድሞው ሥርዓት ተማሪው ከመምህሩ ቤት እያደረ፣ ውሃ እየቀዳና እንግዳ እያስተናገደ ይማር ነበር። ትምህርቱ መስማትና መድገም ነው። መምህሩ የሚያን ማልሃርን አንድ ሐረግ ይዘፍናል፤ ተማሪው ይደግማል፤ ጋው ካልተወዛወዘ ወይም ከልክ በላይ ከተወዛወዘ መምህሩ ምክንያቱን ሳይናገር ያንኑ ሐረግ እንደገና ይዘፍናል። ይህ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል።

በዚህ መንገድ የተገነቡት የሙያ ቤቶች ጋራና ይባላሉ። ግዋሊየር፣ አግራ፣ ኪራና፣ ጃይፑር-አትራውሊ፣ ፓቲያላ ከታወቁት ናቸው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አዘፋፈን፣ የራሱ የባንዲሽ ክምችትና ለውጭ ሰው የማያወጣው ነገር ነበረው። ለልጅና ለወንድም ልጅ የሚሰጠው ትምህርት ለሌላው ተማሪ ከሚሰጠው ይለይ ነበር። ምስጢራዊነቱ ብዙ ጊዜ እንደ ስስት ይተረካል፤ ነገር ግን የኑሮ ጉዳይ ነበር። በመሳፍንት ግቢ የሚቀጠር ሙዚቀኛ ብርቅ ባንዲሹ ንብረቱ ነበር፤ ንብረቱን የሚጠብቅለት ሕግ ስላልነበረ ዝምታን ይጠቀም ነበር። ከጃይፑር-አትራውሊ ቤት የወጣችው ታላቋ ዘፋኝ ኬሳርባይ ኬርካር (1892–1977) ሙዚቃዋ እንዳይቀዳባት በመጠንቀቅ ትታወቅ ነበር። ከጥቂት ቅጂዎቿ አንዱ በ1977 በቮዬጀር መንኩራኩሮች ላይ ተጭኖ ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ መጓዙ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።

ይህን ሥርዓት ከውስጥና ከውጭ ያናጉት ኃይሎች ብዙ ናቸው። ጋውሃር ጃን በ1902 ካልካታ ላይ ለግራሞፎን ስትዘፍን ራጋ በሦስት ደቂቃ ተቋጥሮ መሸጥ ጀመረ። ቪሽኑ ዲጋምባር ፓሉስካር በ1901 ላሆር ላይ ለማንኛውም ከፋይ ተማሪ ክፍት የሆነ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ባትካንዴ ደግሞ ከየቤቱ ባንዲሾችን ሰብስበው በኖታ አሳተሙ፤ በ1926 ሉክናው ላይ ለተከፈተው ኮሌጅም መሠረት ጣሉ። የሁለቱም ዓላማ ሙዚቃውን ከጥቂት ቤተሰቦች እጅ አውጥቶ ለመካከለኛው መደብ ማድረስ ነበር፤ ተሳክቶላቸዋልም። ተቃዋሚዎቻቸው፣ ብዙዎቹ ሙስሊም ኡስታዞች (የሙዚቃ ሊቃውንት)፣ ትምህርቱ የቤተሰቦቻቸውን ድርሻ ያደበዘዘ የሂንዱ ብሔርተኝነት ሥራ ነው ሲሉ ቅሬታ አቅርበዋል፤ የታሪክ ተመራማሪዎችም ለዚህ ቅሬታ ተገቢውን ክብደት ሰጥተውታል። ሙዚቃው ራሱ ግን ለእንዲህ ያለ ክፍፍል አይመችም። በሚያን ማልሃር ከሚዘፈኑት ቀርፋፋ ባንዲሾች እጅግ የታወቀው “ካሪም” ብሎ አላህን የሚያመሰግን ሲሆን፣ ሂንዱ ዘፋኞችም ትውልድ እየተቀባበሉ ዘፍነውታል።

የጉሩ ሥርዓት ጨለማ ጎንም አለው፤ እሱን ሳይጠቅሱ ስለ ውበቱ ብቻ መጻፍ ታማኝነት አይሆንም። በ2020 በአንድ የታወቀ የድሩፓድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የፆታ ትንኮሳ ክስ ካሰሙ በኋላ፣ መምህሩን ያለ ጥያቄ መታዘዝ የሚለው ልማድ ለጥቃት በር ይከፍታል የሚለው ክርክር በግልጽ መነሳት ጀምሯል። አንዳንዶች መድኃኒቱ ኮሌጅ ነው ይላሉ። ኮሌጅ ግን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜና የዓመት ፈተና ይዞ ያንን የሚወዛወዝ ጋ ማውረስ እንዳልቻለ ራሳቸው የኮሌጅ መምህራን ያምናሉ፤ ከመካከላቸው ጎበዞቹ የሠለጠኑት ከኮሌጅ ውጭ በጉሩ ቤት ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ የተስፋፋው የኢንተርኔት ትምህርትም ገደብ አለው። ድምፁ በመንገድ ስለሚዘገይ መምህርና ተማሪ አንድ ላይ መዝፈን አይችሉም፤ ተማሪው በመምህሩ ድምፅ ላይ ድምፁን ደርቦ የሚያርምበት የትምህርቱ ክፍል በዚህ ምክንያት ይቀራል።

ሕጉ የሚጠይቀውና ወጉ የሚሰጠው

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ መመለስ ይቻላል። ራጋ የማንም የግል ንብረት ሊሆን እንደማይችል በክሱ ውስጥ ያከራከረ ነጥብ አልነበረም፤ ከሳሹም አዳናን የኔ ነው አላለም። ስለዚህ “ራጋ ሊቆለፍ ነው” የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም። የ1957ቱ የሕንድ የቅጂ መብት ሕግ በ1994 ሲሻሻል የሙዚቃ ደራሲ ማለት ሥራውን በኖታ ጻፈውም አልጻፈው ሙዚቃውን የደረሰው ሰው ነው ብሎ ደንግጓል። በቃል የሚኖር ባንዲሽ ጥበቃ አያገኝም የሚለውም ክርክር በዚህ ይወድቃል። ጥበቃው ደራሲው ካለፈ በኋላ ለ60 ዓመት የሚቆይ ስለሆነ፣ በ1989 እና በ1994 የሞቱት የዳጋር ወንድማማቾች ደራሲነት ከተረጋገጠ መብቱ ገና ሕያው ነው።

ችግሩ “ከተረጋገጠ” የሚለው ላይ ነው። ተከሳሾቹ ሥራው ከድሩፓድ ነባር ክምችት የመጣ የጋራ ሀብት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። የመጀመሪያዋ ዳኛ ወንድማማቾቹ ሥራውን ሲጫወቱት መኖራቸውን ለደራሲነታቸው በቂ መነሻ አድርገው ወስደውት ነበር። ይግባኙን ያዩት ዳኞች ግን አንድን ሥራ መዝፈን፣ ደርሶታል ማለት አይደለም አሉ። በሕግ ሚዛን ይህ ትክክል ይመስለኛል፤ አለበለዚያ የቆየ ባንዲሽ የቀዳ ሁሉ ደራሲው ይሆናል። በወጉ ሚዛን ግን ውሳኔው ከባድ ጭነት ነው። ይህ የትምህርት ሥርዓት ደቀ መዝሙሩን የሚያሠለጥነው የራሱን ፈጠራ ለአባቶቹ እንዲሰጥ፣ “ይህ የቤታችን ነው” እንዲል ነው። ትሕትናው አሁን በችሎት ፊት የማስረጃ ጉድለት ሆኖ ተቆጠረበት።

ወጉ ፊርማ ጨርሶ የለውም ማለትም አይደለም። ሙድራ የሚባል ልማድ አለ፤ ደራሲው የብዕር ስሙን በባንዲሹ ግጥም ውስጥ ያስገባል። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት በሙሐመድ ሻህ ግቢ የነበረው ኒያማት ካን “ሳዳራንግ” እያለ ፈርሟል፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፋያዝ ካን “ፕሬም ፒያ”፣ ባዴ ጉላም አሊ ካን “ሳብራንግ” ብለዋል። ይሁንና ፊርማው አስተማማኝ አይደለም፤ የኋላ ሰዎች የራሳቸውን ድርሰት በሳዳራንግ ስም ስላሠራጩ ስሙን የያዙት ባንዲሾች ሁሉ የእሱ አይደሉም። ሐሰተኛ ፊርማ ሲባል የሌላውን ሥራ በራስ ስም ማድረግ ይታሰባል፤ እዚህ ግን የራስን ሥራ ለሌላ መስጠት ነው። የቅጂ መብት ሕግ የዚህ ዓይነቱን ሰው አስቦ አልተጻፈም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው

የይግባኙ ውሳኔ የተሰጠው በጊዜያዊ ትእዛዙ ላይ እንጂ በዋናው ክስ ላይ አልነበረም። ውጤቱ ምንም ቢሆን ሁለት ነገሮች የሚቀሩ አይመስልም። አንደኛው፣ የፊልም አዘጋጆች ከክላሲካል ሙዚቀኛ የተማሩትን ዜማ ሲጠቀሙ “ባህላዊ” ብሎ ማለፉ አያዋጣቸውም። በአንጻሩ ሁለት ሥራዎች በአንድ ራጋና በአንድ ታላ ስለተደረሱ ብቻ መመሳሰላቸው የማይቀር መሆኑን ፍርድ ቤቶች መለየት ይኖርባቸዋል። ከዚህ በፊት የታየው የጋ፣ ማ፣ ሬ፣ ሳ አወራረድ በአዳናም፣ በሚያን ማልሃርም፣ በባሃርም አለ፤ እሱን ከሌላ ሰው ሥራ ጋር መጋራት ቅጂ ሊሆን አይችልም። ለተራ አድማጭ ጆሮ አንድ መስሎ መሰማት መመዘኛ ሊሆን የማይችለውም ለዚህ ነው፤ ለተራ አድማጭ ቡፓሊና ዴሽካርም አንድ ናቸው። ምስክሩ ራጋውን የሚያውቅ፣ የራጋውን ድርሻ ቀንሶ የደራሲውን ድርሻ ማሳየት የሚችል ሰው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ለውጥ የሚታየው በትምህርቱ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑ የታወቀ ቅጂ ከማንኛውም ቃል የበለጠ ማስረጃ ስለሚሆን፣ አዲስ ባንዲሽ የሚደርሱ መምህራን ሥራቸውን አስቀድመው መቅዳትና ማስመዝገብ ይጠቅማቸዋል። ተማሪዎችም እያንዳንዱን ትምህርት በስልካቸው ይቀዳሉ፤ ይህም ለደራሲነት ምስክር እንደሚሆነው ሁሉ ባንዲሹ ከክፍሉ ሾልኮ የሚወጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ አንዳንድ መምህራን በግዋሊየርና በአግራ ቤቶች እንደነበረው ዘመን ብርቅ ባንዲሾችን ለጥቂቶች ብቻ ወደ መስጠት ሊመለሱ ይችላሉ። ያ ከሆነ ከባትካንዴ ጀምሮ አንድ መቶ ዓመት ሲከፈት የኖረው በር በከፊል ይዘጋል፤ የሚጎዳውም በቅድሚያ የሙዚቀኛ ልጅ ያልሆነው ተማሪ ነው።